አባባ «እሰይ» ያሉ ቀን

እንደምን ሰነበታችሁ። በየዓመቱ በነሐሴ ወር ይህን ክፍል ለመቅረጽ ስቀመጥ ምን እንደምናገር አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ መርሐ ግብር ፊቴ ዘርግቼ፣ ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ የትኛውን በጉጉት እንደምጠብቅና የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሣኝ እነግራችኋለሁ። ዘንድሮም ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቷል። ኦገስት 30 ቀን 2024 በከተማችን ኖርማን ላይ ከቴምፕል ጋር እንጀምራለን። ሴፕቴምበር 21 ቴነሲ ይመጣል፤ አሰልጣኙ ጆሽ ሃይፕል በ2000 የውድድር ዘመን ዋንጫውን ያመጣልን የእኛው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ፣ ስለነበር፣ ያ ምሽት ያሳደግነው ልጅ ሊወጋን የሚመጣበት ምሽት ነው። ኦክቶበር 12 እንደ ወትሮው ዳላስ ላይ ከቴክሳስ ጋር እንገናኛለን፤ ኖቬምበር 23 ደግሞ አላባማ እዚሁ ሜዳችን ላይ ይቆማል። ከጁላይ 1 ጀምሮ የሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር አባል ሆነናል፤ ነገሩ በ2021 ክረምት ከተነገረ ጊዜ አንሥቶ ስንጠብቀው የቆየነው ቀን ደርሷል ማለት ነው።

ነገር ግን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ አንድ ስም ይፈልጋል፣ ያጣዋልም። ኦክላሆማ ስቴት የለም። ቤድላም የምንለው የሁለታችን የባላንጣነት ጨዋታ የለም። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከ1910 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይዘሉ ሲጋጠሙ ኖረው፣ ጦርነቱም ወረርሽኙም ያላቋረጠውን ጨዋታ የኮንፈረንስ ለውጥ አቋረጠው። ስለዚህ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ቴሌቪዥን ገንዘብም ብዙ ተብሏል፤ እኔም ባለፈው ዓመት ሁለት ሙሉ ክፍል አውርቼበታለሁና አልደግመውም። ዛሬ የምናገረው ሌላ ነገር ስለረበሸኝ ነው።

ባለፈው እሑድ አባባ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ክረምቱ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ሠርግ ካወሩኝ በኋላ፣ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ፣ «ለመሆኑ ዘንድሮ ከእነዚያ ጋር የምትገጥሙት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከእነማን ጋር ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገኝም። «ገና ነው አባባ፣ ቀኑ አልደረሰም» አልኳቸው። «እንግዲያው ሲደርስ ንገረኝ» ብለው ዘጉ። የ81 ዓመት ሽማግሌ አባቴን ስለ አንድ የኳስ ጨዋታ ለምን እንደዋሸሁ ከእሑድ ጀምሮ እያሰብኩ ነው፤ እስካሁን ያገኘሁት መልስ ሁሉ ወደ አንድ ቀን ይመልሰኛል።

ቀኑ ኖቬምበር 4 ቀን 2023 ነው። አባባ እኛ ዘንድ ለስድስት ወር የቆዩበት ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ፉትቦልን «የመውደቅ ጨዋታ» ያሉትም ያኔ ነው፤ ስሙ ከእናንተ ብዙዎቹ ጋር እንደቀረ ከምትልኩልኝ መልእክት አውቃለሁ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ከእኔ በስተቀኝ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ራሳቸው ላይ እኔ የገዛሁላቸው ደማቅ ቀይ የዩኒቨርሲቲያችን ቆብ አለ። ጨዋታው በኦክላሆማ ስቴት ከተማ፣ ስቲልዎተር ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቤድላም መሆኑን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ስታዲየሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካንማ ለብሷል። የእነሱ ሯጭ ኦሊ ጎርደን 137 ያርድ ሮጦብናል፤ እኛም ኳስ በተደጋጋሚ ጥለናል። እንዲያም ሆኖ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 27 ለ 24 እየተመራን ኳሱ በእጃችን ነበር። አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ ደረስን፤ አምስት ያርድ ያስፈልገናል። ኳሱ ወደ እኛው ተጫዋች ድሬክ ስቱፕስ ተወረወረ፣ ያዘውም፤ ግን ከሚያስፈልገው መስመር ጥቂት ቀርቶት ተጣለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ደጋፊው አጥሩን አልፎ እንደ ጎርፍ ወደ ሜዳው እየፈሰሰ ነበር።

በዚያች ቅጽበት አባባ «እሰይ» አሉ።

ጮኸው አይደለም። እጃቸውን እንኳ አላነሡም። ከጉሮሯቸው ዝቅ ብሎ፣ ለራሳቸው ብቻ የተነገረ አንድ ቃል ነበር። እኔ ቃሉን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም፤ መኪና ስነዳ እሰማዋለሁ፣ ጥርሴን ስፍቅ እሰማዋለሁ። እናንተ እንደምታውቁት በእኛ ቋንቋ ሁለት ዓይነት እሰይ አለ። አንደኛው ልጅ ፈተና ሲያልፍ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት በሰላም ስትገላገል፣ ዘር የተዘራበት ማሳ ዝናብ ሲያገኝ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጠላነው ሰው ሲወድቅ፣ «እሰይ፣ የእጁን አገኘ» የምንለው ነው። አባባ ያሉት የመጀመሪያው እንደሆነ አሁን አምናለሁ፤ ለእነዚያ ወጣቶች ደስ ብሏቸው ነው። ያን ጊዜ ግን ሁለተኛው መስሎ ተሰማኝ፤ በእኔ ላይ የተባለ መሰለኝ። ቀይ ቆብ ለብሰው፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው።

ይህን ለመረዳት አባባ የአለማያ ልጅ መሆናቸውን ማስታወስ ይኖርባችኋል። መጀመሪያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወደ አለማያ እርሻ ኮሌጅ ተሻግረው በ1958 ዓመተ ምሕረት ተመረቁ። ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ያቋቋመው የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ነው፤ በ1957 እንደ ፈረንጆቹ ስሙን ለውጦ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሸነፍ ስጸልይ የኖርኩበት ትምህርት ቤት። ይህን እውነት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን አንድን ነገር ማወቅና ከነገሩ ጋር መቀመጥ ይለያያሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ከ1928 ጀምሮ የዚያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1950 ኢትዮጵያ ሄደው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የተባለውን የቴክኒክ እርዳታ እንዲመሩ ሾሟቸው፤ ነገር ግን ያሰቡት ሥራ መልክ ሲይዝ ሳያዩ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1951፣ ከባለቤታቸው ጋር ቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ስምምነቱ በተከታዩ ዓመት በ1952 ተፈረመ፤ የጅማው ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ኮሌጁ ራሱ ከሐረር ብዙም ሳይርቅ፣ በአለማያ ሐይቅ አጠገብ ተሠራ። ውሉ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 1968 የቆየ ስለሆነ አባባ በተማሩበት ዘመን ሁሉ መምህራኑ በብዛት ከስቲልዎተር የመጡ ሰዎች ነበሩ።

አባባ ስለ አንዱ መምህራቸው የሚያወሩትን እኔ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሰውየው አፈር ሲያስተምር ከክፍል ይዟቸው ወጥቶ ማሳው ላይ ይንበረከክ ነበር። በነጭ ሸሚዙ ተንበርክኮ፣ አፈሩን ጨብጦ፣ አሽትቶ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ላይ ያስቀምጥለት ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው አፈር ይነካል ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ ትምህርት ማለት ከአፈር መሸሽ ነበርና። «እኔን ከመሬት ያስታረቀኝ እሱ ነው» ይላሉ። ስቲልዎተር የሚለውን ስም የሰሙትም ከእሱ ነው፤ «እስቲልወተር» ይሉታል፣ እንደ አገር ቤት ቀበሌ ስም ቀለል አድርገው።

ይህ የመሬት ነገር የዚያ ትምህርት ቤት መሠረት ነው። ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ መሬት ሰጥቶ፣ በመሬቱ ገቢ እርሻና የሜካኒክ ጥበብ የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲቆሙ አደረገ። ሐሳቡ ማስተማር ብቻ አልነበረም፤ ምርምሩም ከዚያው ይወጣል፣ የተገኘውም እውቀት በኤክስቴንሽን ሠራተኛ እግር እስከ ገበሬው ደጃፍ ይሄዳል። ወደ አለማያም የመጣው ይኸው ሐሳብ ነው። አባባ 30 ዓመት በኤክስቴንሽን ሥራ በበቅሎም በእግርም የዞሩት፣ እኛንም በዚያ ደመወዝ ያሳደጉን፣ ያ ሐሳብ ከኦክላሆማ ሜዳ ተነሥቶ ሐረርጌ ስለደረሰ ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ዶክተር ገቢሳ እጄታም በጅማና በአለማያ በኩል ያለፉ ናቸው። እኛ የኖርማን ሰዎች ግን እነዚያን ስንሳደብ ምን እንደምንላቸው ታውቃላችሁ። «የገበሬ ትምህርት ቤት» እንላቸዋለን። እኔም ብዬዋለሁ፤ በዚህ ማይክራፎን ላይ ብዬዋለሁ፤ የቆዩ ክፍሎችን የሚሰማ ያገኘዋል።

ከየት እንደተነሣን ማሰብ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የተወለዱት በ1890 ነው፤ ኦክላሆማ ገና ክፍለ ሀገር ሳትሆን የግዛቲቱ ምክር ቤት ዩኒቨርሲቲውን ለኖርማን፣ የእርሻ ኮሌጁን ለስቲልዎተር ደለደለ። «ሱነርስ» የምንባልበት ስም እንኳ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1889 የነባሮቹ ሕዝቦች አገር ለሰፋሪ ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ መስመር ላይ ተሰልፎ የእኩለ ቀኑን ምልክት ሲጠብቅ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ሾልከው የገቡት ሰዎች ስም ነው። 80 ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ሲዘምረው የሰውነቴ ፀጉር ይቆማል፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው ደግሞ… ይህን ሌላ ጊዜ አነሣዋለሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ኖቬምበር 6 ቀን 1904፣ ያኔ ዋና ከተማ በነበረችው ጉትሪ ነው። ነፋሱ ብርቱ ነበር። የእነሱ ሰው ኳሷን በእግሩ ሲመታት ነፋሱ ወደ ኋላ መልሷት፣ ተንከባልላ ኮተንዉድ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ገባች። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በዚያ ብርድ ተከታትለው ወደ ውኃው ገቡ፤ ይዟት የወጣው የእኛ ሰው ስለነበር ነጥቡ ለእኛ ተቆጠረ። ውጤቱ 75 ለ 0 ሆነ። ከዚያ በኋላ ባለው ታሪክም የበላይነቱ የእኛ ነው፤ 91 ጊዜ አሸንፈናል፣ 20 ጊዜ ተሸንፈናል፣ 7 ጊዜ አቻ ወጥተናል። ባሪ ሳንደርስ 2,628 ያርድ ሮጦ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማንን ሽልማት በወሰደበት በ1988 እንኳ 31 ለ 28 የረታነው እኛ ነን። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዳዊት ደግሜያቸዋለሁ። ታዲያ 91 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ለ20ኛዋ ሽንፈት ያን ያህል ለምን ይቆጣል?

ወደ ሳሎኑ ልመለስ፤ ገና ያልነገርኳችሁ አለ።

አባባ «እሰይ» እንዳሉ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ፊታቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ጓደኛዋን ታቅፋለች፣ እሳቸው እሷን እያዩ ነው። እኔም፣ «አባባ፣ ለማን ነው ደስ ያለዎት? ያ ሜዳ ላይ ምን እንደተሠራ ያውቃሉ?» አልኳቸው። ድምፄ የልጅ ድምፅ አልነበረም። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ስልኬን አወጣሁና ፎቶግራፎቹን ፈልጌ ሰጠኋቸው።

ጆኒ ብራይት የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር፤ ጥቁር ነው። በ1949ም በ1950ም በአገሪቱ በጠቅላላ ያርድ አንደኛ የወጣ፣ ለሃይስማን ከታጩት መካከል የሚቆጠር ልጅ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 1951 ቡድኑ ስቲልዎተር ሄዶ ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ጋር ገጠመ። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ጊዜ ራሱን እስኪስት ተመታ። በአንደኛው ኳሱ በእጁ አልነበረም፤ አስተላልፎ ወደ ኋላ ቆሞ ሌላውን ሲመለከት፣ ዊልባንክስ ስሚዝ የተባለ የባለሜዳው ተከላካይ መጥቶ በክርኑ መንጋጋውን ሰበረው። ብራይት መንጋጋው ተሰብሮ እንኳ 61 ያርድ ተጉዞ ነጥብ ያስገኘ ኳስ ወርውሯል፤ ከዚያ ግን መቀጠል አልቻለም። የዴ ሞይን ሬጅስተር ጋዜጣ ሁለት ፎቶግራፈሮች፣ ዶን አልታንግና ጆን ሮቢንሰን፣ ምቱን በተከታታይ ፎቶግራፎች ስላስቀሩት ነገሩን መካድ አልተቻለም፤ በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አስገኘላቸው። ሆኖም የተቀጣ ሰው አልነበረም፤ ድሬክም በቁጣ ኮንፈረንሱን ለቆ ወጣ።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ፣ እየተመለሱም አዩአቸው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ጩኸት አልቆመም። ከዚያ፣ «ልጁ ተረፈ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ ካናዳ ሄዶ ተጫወተ፤ በኋላም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ» አልኳቸው። «አስተማሪ ሆነ?» አሉ። «አዎ።» ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «መቼ ነው ያልከኝ?» አሉ። «በ1951፣ በእኛ ጥቅምት 1944።» በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ የሚቆጥሩት የራሳቸውን ዕድሜ መስሎኝ ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ፣ «እነሱ ወደ እኛ የመጡት በዓመቱ ነዋ» አሉ። ቀጥለውም፣ ከእኔ ይልቅ ለቴሌቪዥኑ በሚመስል ድምፅ፣ «የእኔ መምህር እዚያ ተቀምጦ አይቶ ይሆን?» አሉ።

ምን ብዬ ልመልስ? ሰውየው ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ኖሮም ቢሆን አጨብጭቦ ይሆናል፣ አፍሮ ይሆናል፣ ወይም ራቅ ካለ መቀመጫ ምንም ሳያይ ቀርቶ ይሆናል። አባባ ቆቡን ከራሳቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በንዴት አይመስለኝም፤ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኝታ ክፍላቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ መምህር ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

አሁን የሚከብደኝን በትክክል ለመናገር ልሞክር። የነገርኳቸው ሐሰት አልነበረም። ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ በ2005 በፕሬዚዳንቱ በኩል ለድሬክ ይቅርታ ጠይቆበታል፤ ብራይት ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ ነው እንጂ። ነገር ግን እኔ ያን ታሪክ ያወጣሁት ለጆኒ ብራይት ብዬ አልነበረም። የተሰበረውን መንጋጋ ያነሣሁት 27 ለ 24 ስለተሸነፍን ነው። በሰው ሕመም አባቴን መታሁበት። ይቅርታ የመጠየቃቸውንም ነገር አልነገርኳቸውም፤ ያን ክፍል ዘለልኩት።

የራሴን ትምህርት ቤትም አልነገርኳቸውም። ጆርጅ ማክላውሪን በ1948 ኖርማን ውስጥ ለዶክትሬት ትምህርት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲገቡ በዕድሜ የገፉ ጥቁር ሰው ነበሩ፤ ከነጮቹ ጋር አንድ ክፍል እንዳይቀመጡ ተብሎ በበሩ ባሻገር ካለች ጠባብ ክፍል ሆነው ትምህርቱን እንዲከታተሉ ተደረገ፤ በቤተ መጻሕፍትም በምግብ ቤትም ጠረጴዛቸው የተለየ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን በ1950 ባይሽረው ኖሮ ስንት ዓመት እንደሚቀጥል ማን ያውቃል? ፕሬንቲስ ጎት የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ቡድናችንን የተቀላቀለው በ1956 ነው፤ 47 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፍንበት፣ እኛ ወርቃማ የምንለው ዘመን መሐል መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እኔ የተመረቅሁት ከዚያ ግቢ ነው። አባባ ፊት ግን የእነሱን አውጥቼ የእኛን ሸሸግሁ። ባላንጣ ማለት ይኸው ይሆን እንዴ፣ የራሳችንን ኃጢአት የምናስቀምጥበት ቤት? አይ፣ ይህም ከእውነቱ የራቀ ይመስለኛል፤ ጨዋታውን እወደዋለሁ፣ የወደድኩትም በክፋት አልነበረም። አሁንም ቢኖር ኖሮ ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ነበር።

ሌላም አለ። ንጉሡ በጁን 1954 ስቲልዎተርን ጎብኝተዋል፤ ኮሌጁ በታላቅ ክብር ተቀበላቸው። ብራይት ከተመታ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። አንድ ከተማ ለአንዱ ጥቁር ሰው ሕግ ሳይጠይቅለት፣ ለሌላው ጥቁር ሰው ተሰልፎ ሲያጨበጭብ አስቡት። አባባ በዚያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዤ ለመቀመጥ ስሞክር አንዱ ሌላውን እንዲያጠፋው እፈልጋለሁ፤ አያጠፋውም። አፈሩን ተንበርክኮ በተማሪዎቹ መዳፍ ላይ ያኖረው ሰውም አለ፤ የተሰበረውም መንጋጋ አለ። ሁለቱም ከአንድ ከተማ ናቸው። ምናልባት አባባ ይህን ከእኔ በፊት፣ በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ ጨርሰውት ይሆናል። እንዲያ ባይሆን ኖሮ «ከእነዚያ ጋር መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር? ድምፃቸው ደግሞ የጉጉት ድምፅ ነበር። ወይስ ለእኔ ሲሉ ነው የጠየቁት? በኳሱ እንደተኮራረፍን አስበው፣ በኳሱ ሊያስታርቁኝ ፈልገው ይሆን?

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። አባባ ኦክላሆማ የገቡ ዕለት፣ ገና ሻንጣቸው ሳይፈታ፣ «እስቲልወተር ሩቅ ነው?» ብለው ነበር። ከኖርማን መኪና ይዤ ብወጣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። «እንሄዳለን» አልኳቸው። ስድስት ወር ሙሉ እንሄዳለን አልኳቸው። ሥራ ነበረብኝ፣ ብርድ ነበር፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ወደዚያ ግቢ የምሄደው ለጨዋታ ብቻ፣ ቀይ ለብሼ ብቻ ነው የሚል ነገር ውስጤ ነበር። አባቴን ይዤ፣ እንደ እንግዳ፣ አመሰግናለሁ ልል ወደ ባላንጣዬ ቤት መሄድ አልሆነልኝም። እሳቸውም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ጉልበታቸው ከፈቀደ በጥቅምት እንደገና ይመጣሉ። ኢንተርስቴት 35ን ይዘን ወደ ሰሜን ስንወጣ ጉትሪ በመንገዳችን ላይ ናት፤ ወንዙን ላሳያቸው እችላለሁ። የሁለቱም ልጆች በብርድ ውኃ ውስጥ ለአንዲት ኳስ ሲዋኙ እሳቸው ምን እንደሚሉ ለመስማት እጓጓለሁ። ከዚያ በ51 ቁጥሩ መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ስቲልዎተር እንገባለን፤ በ1894 የተሠራው አሮጌው ሕንፃ አሁንም ቆሟል። ስታዲየሙም እዚያው ነው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ቦታው ያው የ1951ዱ ቦታ ነው። አባባ ሜዳውን ልይ ቢሉኝ… ወይም ጨርሶ ባይጠይቁኝ…

ለማንኛውም እሑድ ስደውል ጨዋታው እንደሌለ እነግራቸዋለሁ። ዘንድሮ የለም፣ በመጪውም ዓመት የለም እላቸዋለሁ። እሳቸውም «ለምን?» ማለታቸው አይቀርም፤ እኔም ስለ ኮንፈረንሱ አስረዳቸዋለሁ፣ ያ ቀላሉ ነው። ስለ ቴነሲ ተከላካዮች ያዘጋጀሁት ማስታወሻ እዚህ አጠገቤ አለ፤ አራት ገጽ ነው፣ ዛሬ ላነብላችሁ ነበር። የዚያ መምህር ስም ግን… አባባ ነግረውኝ ነበር እኮ፣ ብዙ ጊዜ ነግረውኛል…